ድንጋዩ ለምን ዛሬ ወደቀ?

ስለ ድንጋይ ናዳ ምክንያትና ጥንቃቄ ለዕጩ መምህራን የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ተመድበን በወጣንበት ወቅት የገጠመኝን አንድ ነገር በማስታወስ ልጀምር። ጊዜው የጥቅምት ወር ነው። የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከአንድ የቆየ የድንጋይ ካባ አጠገብ ይገኛል። ካባው ሥራ ካቆመ ስለቆየ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ከተቆረጠው ግድግዳ ሥር ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ቅልሞሽ ይጫወታሉ። እኔም አይቻቸው አልፋለሁ እንጂ አንድ ቀንም «ከዚያ ተነሡ» ብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወል ተደውሎ ልጆቹ ክፍል ከገቡ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ጆንያ እህል የሚያህል ድንጋይ ከላይ ተነቅሎ ወረደና ቅልሞሽ ሲጫወቱበት የነበረው ቦታ ላይ አረፈ። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ድንጋዩ ግን ልጆቹ የተቀመጡባትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሁለት ቦታ ከፍሏት ነበር።

ወደ ክፍል ስመለስ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ድንጋዩ እኮ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው ያለው። ትናንትም ነበረ። ታዲያ ለምን ዛሬ ወደቀ?» አለችኝ። እኔም ችኩል ብዬ «በዝናቡ ምክንያት ነው» አልኳት። «ዝናቡ እኮ ካቆመ ሰነበተ!» አለች። እውነቷን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የምመልሰው ስላጣሁ «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ወደ ሒሳብ ትምህርት አለፍኩ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም አልነገርኳትም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ ያልከፈልኩት ዕዳ ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ ገደል ሥር፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ካባ አጠገብ ይመደባል። ጥያቄው ለሁላችንም መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ አብረን እንማር።

1. ናዳ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአነጋገራችን ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ሁሉ «ናዳ» እንለዋለን። ለትምህርት ያህል ግን በሦስት ከፍለን ብናየው ይሻላል።

ሀ/ የድንጋይ ናዳ፦ ድንጋይ ወይም ቋጥኝ ከቀጥተኛ ገደል ወይም ከተቆረጠ ግድግዳ ላይ ተላቆ በአየር ላይ ሲወድቅ፣ ሲነጥርና ሲንከባለል ማለት ነው። ፈጣን ነው፤ ድንገተኛ ነው።

ለ/ የመሬት መንሸራተት፦ የዳገቱ አካል ከነአፈሩ፣ ከነዛፉ፣ አንዳንዴም ከነቤቱ ከሥሩ ባለው ለስላሳ ንጣፍ ላይ ሲንሸራተት ነው። በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ በአንድ ጊዜም ሊናድ ይችላል።

ሐ/ የጭቃ ናዳ፦ አፈር ውሃ ጠጥቶ እንደ ገንፎ ሲፈስ ነው።

ሦስቱም የሚነሡት ከአንድ ሕግ ነው። የመሬት ስበት ሁሉንም ነገር ያለ እረፍት ወደ ታች ይጎትታል። ድንጋይን ከዳገት ላይ የሚያቆመው ደግሞ ሌላ ኃይል ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ድንጋዩን ምን ጣለው?» የሚለው ብቻ አይደለም። «እስከ ዛሬ ምን ይዞት ኖረ? የያዘውስ ነገር ምን ሆነ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

2. የአካባቢያችን ድንጋይ ከየት መጣ?

አቃቂ ቃሊቲ ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን ከእግራችን ሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ጥቁሩ ጠንካራ ድንጋይ፣ ማለት ባዛልት፣ ቀልጦ የፈሰሰና የረጋ ነው። ቱሉ ዲምቱን የምታውቁ ሁሉ ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት መሆኑን ታውቁታላችሁ። ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው ብረት ነው፤ ትኩስ ሳለ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ዝጓል። ይህ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ተቆፍሮ ለመንገድና ለግንባታ ይውላል።

ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። የደረቀ ኩሬ ጭቃ ተመልክታችሁ እንደሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ጭቃው ሲደርቅ ብዙ ማዕዘን ባላቸው ቁርጥራጮች ይከፋፈል የለም? ባዛልትም እንዲሁ ነው፤ ስንጥቁ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ላይ ድንጋዩ እንደ ተደረደረ ምሰሶ ቆሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ገደል ማለት አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። ያለ ሲሚንቶ እንደ ተካበ ግንብ ብታስቡት ይቀርባል። ድንጋዩ ከመውደቁ በፊት ገና በተፈጠረበት ጊዜ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንዱ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ ከረጋ በኋላ ሁለተኛው እስኪመጣ ብዙ ዘመን ያልፋል። በመካከሉ አፈር ይፈጠራል። ከላይ የሚመጣው ትኩስ ድንጋይ ያን አፈር እንደ ሸክላ ይጠብሰዋል። በመንገድ ቁራጭ ወይም በካባ ግድግዳ ላይ በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ቀይ መስመር ብታዩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከላይ ጠንካራ፣ ከሥር ለስላሳ። ለስላሳው በዝናብና በንፋስ እየተቦረቦረ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጠንካራው ግን እንደ ጣራ ክፈፍ ወደ ውጭ ይቀራል። አንድ ቀን ክፈፉ ይወርዳል።

3. ድንጋዩን የያዘው ምንድን ነው?

እስቲ አንድ ሳንቃ ወስደን በላዩ ድንጋይ እናስቀምጥ። ሳንቃውን ከአንድ ወገን ቀስ እያልን ብናነሣው ድንጋዩ ለጊዜው አይንቀሳቀስም። ከሆነ ደረጃ በኋላ ግን ድንገት ይንሸራተታል። ለምን ቢሉ፣ የድንጋዩ ክብደት ለሁለት ስለሚከፈል ነው። አንዱ ክፍል ድንጋዩን ከሳንቃው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሌላው ክፍል ወደ ታች ይጎትተዋል።

100 ኪሎ፣ ማለት አንድ ኩንታል የሚመዝን ድንጋይ እንውሰድ፤

ዳገቱ 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ ታች የሚጎትተው 50 ኪሎ፣ የሚያጣብቀው 87 ኪሎ ያህል ነው።
ዳገቱ 45 ዲግሪ ሲሆን የሚጎትተው 71፣ የሚያጣብቀውም 71 ነው።
ዳገቱ 60 ዲግሪ ሲሆን የሚጎትተው 87፣ የሚያጣብቀው 50 ብቻ ነው።

ድንጋዩን የሚይዘው ሰበቃ የሚያጣብቀው ኃይል ክፍልፋይ ነው። ሸካራ ድንጋይ በሸካራ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ከመቶ 70 ያህል ይሁን ብለን እንነሣ። በ30 ዲግሪ ላይ ሰበቃው 61 ኪሎ ያህል ይይዛል፤ የሚጎትተው 50 ነውና ድንጋዩ ይቆማል። በ45 ዲግሪ ላይ ግን የሚይዘው 50፣ የሚጎትተው 71 ነው። በሰበቃ ብቻ ሊቆም አይችልም። እንግዲህ ከዚህ በላይ ቀጥ ባለ ገደል ላይ ያለው ድንጋይ እንዴት ቆመ? በጎረቤቶቹ ተደግፎ፣ በስንጥቁ መካከል ገና ባልተቆረጠ የድንጋይ ድልድይ ተይዞ፣ በሸክላ አፈርና በሥር ታስሮ ነው የቆመው። እነዚህ ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ይላላሉ። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

4. ማሰሪያውን የሚያላሉት እነማን ናቸው?

ሀ/ ውሃ

አበው «ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል» ይላሉ። ውሃ ግን ከመብሳትም በላይ ይሠራል። በስንጥቅ ውስጥ ሲጠራቀም ድንጋዩን ወደ ውጭ ይገፋል። ግፊቱን እናስላው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በውሃ ቢሞላ፣ በእያንዳንዱ የአንድ ሜትር ስፋት ላይ የሚያርፈው ግፊት 500 ኪሎ ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ቢሆንስ? እጥፍ ይሆናል ብላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። አራት እጥፍ፣ ማለት 2,000 ኪሎ ይሆናል። 20 ኩንታል ነው! ደግሞም የስንጥቁ ስፋት ለውጥ አያመጣም። አንድ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅም ሆነ አንድ ክንድ የሚያስገባ፣ ጥልቀቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ግፊቱ አንድ ነው። ጠባብ ስንጥቅ ንቀን ማለፍ እንደሌለብን ከዚህ እንረዳለን።

ለ/ መርጠብና መድረቅ፣ መሞቅና መቀዝቀዝ

በአቃቂ ሜዳ ላይ ያለውን ጥቁር መረሬ አፈር ሁላችንም እናውቀዋለን። በክረምት ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። እንዲህ ዓይነቱ ሸክላ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ በክረምት እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይገፋል፤ በበጋ ተኮማትሮ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ውስጥ ትንንሽ ጠጠር ይገባል። በሚቀጥለው ክረምት አፈሩ ሲያብጥ ጠጠሩ ስለማያስመልሰው ድንጋዩ ጥቂት ወደ ውጭ ይሄዳል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድም የድንጋዩን ፊት እያስፋፉና እያኮማተሩ የበኩላቸውን ያደርጋሉ። እንደ ሰሜን ተራሮች ባለ ከፍተኛ ቦታ ላይ ደግሞ በስንጥቅ ውስጥ ያለው ውሃ በሌሊት በረዶ ይሆናል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ስለሚጨምር ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል።

ሐ/ ሥር

ዛፍ የዳገት ወዳጅ ነው፤ አፈሩን አስሮ ይይዛል። ይሁን እንጂ ቀጥ ባለ ገደል ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ሾላ ወይም ዋርካ ሌላ ጠባይ አለው። ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል፤ ንፋስ ግንዱን ሲወዘውዘው ሥሩ እንደ ድጅኖ ይፈነቅላል። ዛፉ ሲደርቅም ሥሩ በስብሶ ለውሃ መግቢያ ቀዳዳ ይተዋል።

መ/ የሰው እጅ

ሰው ለመንገድ፣ ለቤት፣ ለካባ ሲል የዳገቱን እግር ይቆርጣል። እግሩ የተቆረጠ ዳገት ደግሞ ክራንች እንደ ተነጠቀ ሰው ነው። በድማሚት የሚሠራ ካባ የሚፈለገውን ድንጋይ ብቻ አይሰብርም፤ ከኋላ ለቆመው ግድግዳም አዲስ ስንጥቅ ያተርፍለታል። ከገደል አናት ላይ የሚለቀቅ የቆሻሻ ውሃና የተዘጋ ቦይም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ሠ/ የመሬት መንቀጥቀጥ

አገራችን በታላቁ ስምጥ ሸለቆ የተከፈለች ስለሆነች መንቀጥቀጥ እንግዳ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። የላላ ድንጋይ እስኪወርድ የሚጠብቀው እንዲህ ዓይነት ትንሽ ንቅናቄ ሊሆን ይችላል።

5. ከደረሰው እንማር

ካራቆሬ፣ 1953 ዓ.ም.፦ በግንቦት ወር የጀመረው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አብዛኛውን አፈረሰ፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎዳ። በአካባቢው ገደላ ገደል ላይ ድንጋይ ተንዷል፤ መሬት ተሰንጥቋል፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ተጎድቷል።

የዓባይ በረሃ፦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ለትምህርታችን ክፍት መጽሐፍ ነው። ከአናቱ ባዛልት አለ፤ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶና ለስላሳ ሸክላማ ድንጋይ፣ ከዚያም ወደ ወንዙ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ጠንካራው በለስላሳው ላይ ተቀምጧል። በክረምት ለስላሳው ሲረጥብ መንገዱ ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል፤ ከጠንካራው ገደል ደግሞ ቋጥኝ ይወርዳል። በዚያ መንገድ የተጓዘ ሰው ከአስፋልቱ ዳር የተጋደሙትን ቋጥኞች አይቷል። ከየት እንደመጡ ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

ደብረ ሲና፣ 1998 ዓ.ም.፦ ከጣርማ በር በታች ባለው ቁልቁለት ላይ በዓመቱ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የእርሻ መሬት ጠፍቷል፤ ገበሬዎች ተፈናቅለዋል። ልብ በሉ፤ አደጋው የደረሰው በሐምሌ ሳይሆን ውሃው በሚገባ ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ ነው።

ቆሼ፣ 2009 ዓ.ም.፦ መጋቢት 2 ቀን በዚሁ በከተማችን የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ይህ ድንጋይ አይደለም ትሉ ይሆናል። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተከመረ፣ ከውስጡ ውሃ የቋጠረ፣ ከሥሩ ሰው የሰፈረበት ክምር ነበረ። መጋቢት ደግሞ ክረምት አይደለም። «ዝናብ ከሌለ አደጋ የለም» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ያስተምረናል።

ጎፋ፣ 2016 ዓ.ም.፦ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ቤቶችን ቀበረ። ሐምሌ 15 ቀን ጧት ሰው የተቀበሩትን ለማውጣት ሲሰበሰብ ሁለተኛ ናዳ መጣበት። ከ220 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡ ነበሩ። በሟቾቹ መካከል መምህራን ይገኙበት ነበር። የሙያ ጓደኞቻችን ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር።

ኤልም፣ ስዊዘርላንድ፣ 1881 እ.ኤ.አ.፦ ይህኛው ከአገራችን ውጭ ነው፤ ነገር ግን እኛን ይመለከታል። በዚያ ዘመን ትምህርት ለሁሉም ልጅ ግዴታ ስለሆነ ተማሪዎች የሚጽፉበት ጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ በብዛት ይፈለግ ነበር። የኤልም መንደር ሰዎች ያን ድንጋይ ከተራራው እግር እየቆፈሩ አወጡ። ሥሩ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ከላይ ትልቅ ስንጥቅ ተከፈተ፤ ጠጠር መውረድ ጀመረ። ሰው ግን መንደሩን አልለቀቀም። በመስከረም ወር አንድ ቀን የተራራው አንድ ወገን ወደቀ። ሰው ሊያይና ሊረዳ ወጣ። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ሁለተኛው ወገን ወደቀ። ከዚያ ዋናው አካል መጣና ሜዳውን አቋርጦ መንደሩን ሸፈነ፤ 115 ሰው ሞተ።

ኤልምንና ጎፋን አስተያዩአቸው። በመካከላቸው ከ140 ዓመት በላይ አለ፤ አህጉሩም፣ አፈሩም የተለያየ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ናዳ የሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የተናደው አካል ለቀረው ድጋፍ ነበር፤ ድጋፉ ሲሄድ የቀረው ብቻውን ቆሟል ማለት ነው።

6. ለመሸሽ ስንት ጊዜ አለን?

ካባው ግድግዳ 20 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። ከአናቱ የተላቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 2 ሴኮንድ ብቻ ይወስድበታል። ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውራ ጎዳና እንደሚሮጥ መኪና ማለት ነው። የድንጋዩ ትልቅነትና ትንሽነት በፍጥነቱ ላይ ለውጥ የለውም፤ ትንሹም ትልቁም እኩል ይወርዳሉ። አንድ ኩንታል የሚመዝነው ድንጋይ ሲያርፍ የሚለቀው ጉልበት 20,000 ጁል ያህል ይደርሳል።

በ2 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ልጅ ምን ማድረግ ይችላል? ድምፅ ይሰማል፤ ቀና ይላል፤ ያኔ አብቅቷል። ስለዚህ «ሲወድቅ እንሸሻለን» የሚባል ነገር የለም። መሸሽ ያለው ከመውደቁ በፊት ነው። ከወደቀ በኋላም ድንጋዩ እዚያው ላይቀር ይችላል፤ ይነጥራል፣ ይንከባለላል። የት እንደሚደርስ ለማወቅ የዱሮዎቹ ድንጋዮች የት እንደቆሙ ተመልከቱ። ከገደሉ ሥር ርቆ በሜዳው ላይ ብቻውን የተቀመጠ ቋጥኝ ካለ፣ በእግሩ አልመጣም!

7. ምልክቶቹና የመምህሩ ተግባር

ገደል ብዙውን ጊዜ ከመናዱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

– ከገደሉ አናት ላይ፣ ከጫፉ ወደ ኋላ፣ አዲስ ስንጥቅ መታየት፤ የነበረውም መስፋት፤
– ትንንሽ ጠጠር ሳያቋርጥ መውረድ፤
– በገደሉ ፊት ላይ ያልጠቆረ ያልሻገተ፣ ትኩስ የመሰለ ጠባሳ መታየት፤
– ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎችና የአጥር እንጨቶች ማዘንበል፤
– የምንጭ ውሃ መደፍረስ፣ ወይም ባልነበረበት ቦታ ውሃ መፍለቅ፤
– የጠንካራው ድንጋይ ሥር ተቦርቡሮ ክፈፍ መሥራት።

ልምድ ያላቸው የካባ ሠራተኞች ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያዳምጡታል። ያልተላቀቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል። ይህ ግን የእነሱ ሙያ ነው። መምህር ልጆችን ይዞ ገደል አይመታም።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ በተመደብንበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ግቢውንና አካባቢውን ዞረን እንይ። ልጆች የት ይጫወታሉ? በየት በኩል ይመጣሉ? በእረፍት የት ጥላ ይይዛሉ?

ሁለተኛ፣ ከቁርጥ ግድግዳ ሥር ልጆች እንዳይቀመጡ እንከልክል። መከልከል ብቻ ግን አይበቃም። ልጁ እዚያ የሚሄደው ጥላ ስለሌለው ነው። ሌላ ጥላ እንፈልግለት፤ ዛፍ እንትከል።

ሦስተኛ፣ ምልክት ስናይ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊና ለቀበሌው በጽሑፍ እናመልክት። በቃል የተነገረ ይረሳል።

አራተኛ፣ ናዳ ከወረደ ለእርዳታ ከመሮጣችን በፊት አንድ ሰው ላይ ላዩን እንዲያይ እናቁም፤ ልጆችንና ተመልካቹን እናርቅ፤ ለሚመለከታቸው እንጥራ። ይህን ማድረግ ፍርሃት አይደለም።

አምስተኛ፣ ሊደረግ የሚችለውን እንወቅ። ባለሙያዎች የላላውን ድንጋይ በጥንቃቄ ከላይ ያወርዱታል፤ ግድግዳውን እንደ ደረጃ እየከፈሉ ይቆርጡታል፤ ከአናቱ የውሃ መቀልበሻ ቦይ ያወጣሉ፤ ከሥሩ ጋቢዮን ይሠራሉ፤ የወደቀውን የሚይዝ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ በብረት መረብ ይሸፍኑታል። ከእነዚህ ሁሉ ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የውሃው ቦይ ነው። በአካፋና በዶማ ይሠራል፤ በየሰኔው መባቻ መጠረግ ግን አለበት።

8. በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አንድ ሳንቃ፣ ሦስት መጠናቸው የተለያየ ሸካራ ድንጋይ፣ አንድ ጣሳ ደረቅ አሸዋ፣ ውሃ፣ ማዕዘን መለኪያ።

ሀ/ ድንጋዮቹን በሳንቃው ላይ ደርድሩና ቀስ እያላችሁ አንሡ። የትኛው አስቀድሞ ይንሸራተታል? ልጆቹ ትልቁ ይላሉ። አሠሩና አሳዩአቸው፤ ሦስቱም በሚቀራረብ ማዕዘን ይንሸራተታሉ። ለምን? ክብደት ሲጨምር የሚጎትተውም፣ የሚይዘውም አብሮ ስለሚጨምር ነው።

ለ/ ደረቁን አሸዋ ከላይ አፍስሱ። ክምሩ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አካባቢ እምቢ ይላል፤ ብትጨምሩበት ይናዳል እንጂ አይቆምም።

ሐ/ ጥቂት ውሃ ረጭታችሁ እንደገና ክመሩ። አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ውሃውን እየጨመራችሁ ሂዱ። ጥቂት ውሃ ያያይዛል፤ ብዙ ውሃ ያፈርሳል። ስለዚህ «ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር» ማለት ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ማጠቃለያ

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። ከጉድጓድ ውሃ የምንስብበት ገመድ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይበላል። አንድ ቀን ይበጠሳል። በተበጠሰበት ቀን ባልዲው ከሌላው ቀን የበለጠ አልከበደም። ገመዱ ነው የሳሳው። ሰው ግን «ዛሬ ምን ሆነ?» ይላል።

ያ ድንጋይም እንዲሁ ነው። ገና ከቅልጥ ድንጋይ ሲረጋ ተሰንጥቆ ነበር። ካባው ሲቆረጥ እግሩን አጣ። ድማሚቱ ስንጥቁን አሰፋው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሸክላው እያበጠ ገፋው። በዚያ ዓመት ክረምት ውሃው ከሥሩ ያለውን አፈር አጥቦ ወሰደ፤ የቀረው ሸክላ በጥቅምት ፀሐይ ሲደርቅ ተኮማተረና ለቀቀው። የረፋዱ ሙቀት ምናልባት የመጨረሻዋን ጥቂት ነገር ጨመረ። ዛሬ የወደቀው ዛሬ ስለጀመረ አይደለም፤ ዛሬ ስለጨረሰ ነው።

ይህን ብዬ ልመልስላት ይገባኝ ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጅ ይገባታል፤ የጠየቀችው እኮ እሷው ናት። እናንተ ግን «ነገ እነግርሻለሁ» ብላችሁ አትለፉ። ለአንዳንድ ጥያቄ ነገ ላይደርስ ይችላል። ደወሉ ያን ቀን አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጥያቄውን የሚጠይቅ ተማሪም አይኖርም ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በስንጥቅ ውስጥ ያለው ውሃ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ወደ 3 ሜትር ቢያድግ ግፊቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?
2. በገደል ፊት የበቀለ ዛፍና በዳገት ላይ የተተከለ ዛፍ በጥቅምና በጉዳት እንዴት ይለያያሉ?
3. በኤልምና በጎፋ የሞቱት ብዙ ሰዎች ለመርዳት የወጡ ነበሩ። ለተማሪዎቻችሁ «አትርዱ» ሳትሉ ይህን እንዴት ታስተምራላችሁ?
4. ከተቋማችን በእግር በሚደረስበት ርቀት ያሉትን የካባ ግድግዳዎችና የአቃቂ ወንዝ ዳርቻዎች ከሩቅ ሆናችሁ ተመልከቱ። በተራ ቁጥር 7 ከተዘረዘሩት ምልክቶች የትኞቹን አያችሁ? መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉ።